ታቦቱ የቆመበት ዋርካ

ቄስ ኃይለመስቀል እግሩን ማመን ያቃተው በጥምቀት ዕለት ነው። እስከዚያ ድረስ ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ ሂድ ሲለው ሲሄድ፣ ቁም ሲለው ሲቆም የኖረ እግር ነበር። ካህን አንቱ መባሉ ደንብ እንደሆነ እናውቃለን፤ ነገር ግን የዚያን ቀን ያሰበውን ሁሉ ከልቡ ገብተን ልናይ ስለሆነ አንተ ብንለው አይቀየመን።

የሚያገለግልበት የቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ከሐረር ግንብ ውጭ፣ ከሐኪም ጋራ ግርጌ ነው። የሸዋ ሰው ሐረር ከገባ ያን ጊዜ ሠላሳ ዓመት ቢሆነው ነው፤ ደብሩም ከዚያ ወዲህ የተተከለ፣ ጣሪያው ገና ሣር የሆነ ድሃ ደብር ነበር። ዋርካው ግን ከሁሉም ይቀድማል። ታቦቱ ለጥምቀት ወደ ወንዝ በሚወርድበትና በሚመለስበት መንገድ ዳር፣ ከደብሩ ጠርቶ በሚያሰማ ርቀት ላይ ቆሟል። የአካባቢው ኦሮሞዎች ኦዳ ይሉታል፤ አባቶቻቸው ከሥሩ ተቀምጠው ይታረቁ፣ ዝናብም ይለምኑ ነበር። ከሸዋ የመጡት ሴቶች ደግሞ ገና ጓዛቸውን ሳይፈቱ አድባር ብለው ተቀበሉት። ግንቦት አንድ ቀን፣ በልደታ፣ ንፍሯቸውን ቀቅለው፣ ዳቧቸውን ደፍተው ከሥሩ ይቀመጣሉ፤ ማርያምን ያመሰግናሉ፤ ግንዱን ቅቤ ይቀባሉ። ማርያምና ዋርካው በምን እንደተዛመዱ የጠየቀ ሰው አልነበረም። ካህናቱም ዳቦውን ባርከው ይቆርሱ ነበር፤ ኃይለመስቀልም በየዓመቱ ድርሻውን በልቷል።

የጠየቁት አለቃ ኪዳነወልድ ናቸው። እኒህ ሰው በኅዳር ወር ደብሩን እንዲያስተዳድሩ ተሹመው መጡ። ዕድሜያቸውን በጎጃም ጉባኤ ቤቶች የጨረሱ፣ ቀጭን፣ ሳቅ የማያውቁ ሽማግሌ ናቸው። በመጀመሪያው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ መስቀላቸውን ይዘው ቆሙና፣

«ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም» አሉ። «ለዘመን መለወጫ ዶሮ በራሳችሁ ላይ አዙራችሁ ትጥላላችሁ፤ ስሙን ቅዱስ ዮሐንስ ትሉታላችሁ። ለግንድ ቅቤ ትቀባላችሁ፤ ስሙን ልደታ ትሉታላችሁ። ስም ብታወጡለት ጣዖት ክርስትና ይነሣል? በጥምቀት ታቦቱ ወደ መንበሩ ሲመለስ ያንን ዛፍ እንዳለፈ ከኋላው መጥረቢያ ይገባበታል። እንጨቱም ለቤተልሔሙ ማገዶ ይሆናል።»

ሕዝቡ ዝም ብሎ ሰምቶ፣ ዝም ብሎ ወጣ። አዋላጇ እማማ በለጡ ብቻ ከበሩ ሲደርሱ «ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች» አሉ። አለቃው የሳቸው እኩያ መሆናቸውን ረስተውት ነው።

ኃይለመስቀልን ግን ቀልዱ አላሳቀውም። ሴት ልጁ ጽጌ ቤቱ ነበረች። አግብታ ሁለት ጊዜ ወልዳለች፤ ሁለቱም ሳያለቅሱ ነው የተቀበሩት። ሦስተኛውን ስታረግዝ ልትወልድ ወደ እናቷ ቤት መጣች፤ እናቷ ተናኘወርቅ ደግሞ ከመስከረም ጀምሮ በየዓርቡ ቅቤ ይዛ ዋርካው ዘንድ ትሄዳለች። ከልጇ የሠርግ ነጠላ ጥለቱን ቀድዳ ከዋርካው ሥሮች ከአንዱ ጋር አስራዋለች። ስእለቷ አጭር ነው፤ ልጄን ከነልጇ አትርፈህ ስጠኝ፣ እስከዚያ ቅቤህ አይቋረጥም።

የስብከቱ ዕለት ማታ ራት ሲቀርብ ተናኘወርቅ እንጀራውን ሳትነካ ቆየች።

«አንቱ» አለች ባሏን። «ልጄ ሳትገላገል ያ ዛፍ እንዳይነካ።»

«ዛፍ ልጅ አይሰጥም፤ አይነሣምም።»

«አላልኩም። ግን ቃል ገብቻለሁ። ቃል ከተገባለት በኋላ የተቆረጠ ዛፍ ምን እንደሚያመጣ እርስዎ ያውቃሉ?»

አያውቅም። ድምፁ የሰባኪ ድምፅ ነበር፤ ሆዱ ግን ከሚስቱ ጋር ነበር። ልጅ ሳለ መንዝ ውስጥ እናቱ በልደታ ግንባሩን ቅቤ ቀብታ ከአድባሯ ሥር ታስቀምጠው ነበር። መዝሙረ ዳዊት ከዚያ በኋላ የመጣ ነው።

በማግሥቱ አለቃን «የኔታ፣ እስከ ግንቦት ቢቆይስ?» ብሎ ጠየቃቸው።

«ለምን?»

ስእለቱን መንገር ፈርቶ ጋቢውን አስተካከለ። አለቃም አዩትና «የጥምቀትን ታቦት አንተ ትሸከማለህ፤ አባ ለገሠ ጉልበታቸው ደክሟል» አሉት። ክብር ነው፤ እንደ ቅጣት ግን ተሰማው።

ተናኘወርቅ ወሬውን ስትሰማ ዐይኗ በራ። ምን እንዳሰበች ሳትናገር ገባው። የአገራችን ሰው እንደሚያውቀው ታቦት አንዳንድ ጊዜ በመንገድ ላይ አልሄድም ይላል። ያልታረቀ ጠበኛ ሲኖር፣ የተበደለ ሲኖር፣ ተሸካሚው ካህን እንደ ተተከለ ይቀራል፤ ነገሩ ሳይስተካከል ንቅንቅ አይልም።

«ታቦቱ እዚያ ጋ ሲደርስ ቢቆም» አለች፣ «ማን መጥረቢያ ያነሣ ነበር?»

«ታቦት ራሱ ይቆማል እንጂ ካህን አያቆመውም። ታቦት ተሸክሜ ብዋሽ ምድር ትዋጠኝ።» ይህን ያለው ቁጣ አስመስሎ ነው። ተናኘወርቅ ግን ሦስት ቀን ሙሉ ከዚያ ሌላ አላነጋገረችውም።

ከገና በኋላ በአንዱ ቀን የደብሩን ድርሳን ለማምጣት ከግንቡ ውስጥ፣ ጀጎል ገባ። መጽሐፉን የሚጠርዙለት አው ዐብዱልወሃብ የሚባሉ ሐረሪ ሽማግሌ ናቸው፤ ቆዳ ሲደጉሱ እጃቸው የሚያስቀና፣ ነገር ሲያወሩ ደግሞ የማይቸኩሉ። ኃይለመስቀል ጭንቀቱን ለማንም አላወራም ነበር፤ ለሳቸው ወጣለት። እንጃ፣ የሌላ ሃይማኖት ሰው ስለሆኑ ይሆናል።

«የኛም ሴቶች» አሉ አው ዐብዱልወሃብ ከቆዳው ቀና ሳይሉ፣ «ከወሊዩ ቀብር አጠገብ ካለችው ዛፍ ጨርቅ ያስራሉ። ሼኩ በየጁምዓው ሐራም ነው ይላሉ።»

«ታዲያ ለምን አልተቆረጠችም?»

«ማን ይቆርጣታል ቄስ? መጥረቢያ ያለው ሁሉ ሚስት አለው። አሏሁ አዕለም፤ እሱ ያውቃል።»

ሽማግሌው ሳቁ። ኃይለመስቀል ግን መጽሐፉን ከጋቢው ሥር ሸጉጦ በሸዋ በር ሲወጣ ጥምቀት ስንት ቀን እንደቀረው በጣቱ እየቆጠረ ነበር።

ከተራ ደረሰ። ታቦቱ ወርዶ ወንዝ ዳር ድንኳን ገባ፤ ካህናቱም አብረው አደሩ። ጠዋት ውኃው ተባርኮ ተረጭቶ ሳያበቃ የጽጌ ባል አሰፋ ሕዝቡን እየገፋ መጣ። ፊቱ አመድ ለብሷል።

«አባቴ፣ ከዶሮ ጩኸት ጀምሮ ይዟታል።»

«እማማ በለጡ አሉ?»

«አሉ። ግን ዝም ብለዋል። ያለፈውም ጊዜ ዝም ብለው ነበር።»

«ሂድ፣ ከበሩ አትራቅ። ልጁ ሲወጣ፣ እንዴትም ሆኖ ቢወጣ፣ መጥተህ ንገረኝ።» ይህን ብሎ ወደ ድንኳኑ ተመለሰ። ልብሰ ተክህኖውን ሲያጠልቁለት እጅጌውን ሁለት ጊዜ ሳተው።

ደወል ተደወለ። ታቦቱ በራሱ ላይ ሆነ፤ ካባውና መጎናጸፊያው ከግንባሩ በላይ ወርዶ ጋረደው። ተሸካሚ አይናገርም፤ ማንም አያናግረውም። የሚያየው ከፊቱ ሁለት ክንድ የምትሆን መሬት ብቻ ነው። ከበሮው፣ ጽናጽሉ፣ እልልታው ሁሉ ከውጭ ሆኖ ይሰማዋል። መንገዱን በአፈሩ ነው ያወቀው፤ የወንዙ ጠጠር አለቀ፣ ከሸዋ በር ትይዩ ያለው የተረገጠ ደረቅ መሬት መጣ፣ ከዚያ ግንቡን ይዞ የሚሄደው ቀይ አፈር። ቀይ አፈሩ ካለቀ ዋርካው ነው።

የሚያዳምጠው አንድ ድምፅ ብቻ ነበር፤ የአሰፋ። እልልታ በሰማ ቁጥር ጆሮውን ያቀና ነበር። ሴት ስትወለድ ሦስት፣ ወንድ ሲወለድ ሰባት ጊዜ እልል ይባላል፤ ሞቶ ለተወለደ ግን አይባልም። ታዲያ በጥምቀት ቀን አገሩ ሁሉ እልል ሲል የትኛው እልልታ የማን እንደሆነ በምን ይለያል? መቁጠር ጀመረና ሁለት መቶ ሲያልፍ ተወው። በሆዱ «ጌታዬ ሆይ፣ ልጄን» ይላል፤ ወዲያው ደግሞ «ማረኝ፣ አንተን ተሸክሜ ስለ ዛፍ እያሰብኩ ነው» ይላል።

ቀይ አፈሩ አለቀ። የዋርካው ሥሮች በመንገዱ ላይ ተጋድመው ታዩት። ፀሐይ ያቀለጠው ቅቤ በግንዱ ወርዶ ሥሩ ድረስ ደርሷል፤ ጉንዳን ወርሮታል። ከግንዱ ጋር ሁለት መጥረቢያዎች ተደግፈዋል። ከመጥረቢያዎቹ አጠገብ የጽጌ ነጠላ ጥለት፣ አረንጓዴና ቀይ፣ ከሥሩ ጋር እንደታሰረ ነው። ጥለቱን የመረጠው እሱ ራሱ ነበር፣ ለሠርጓ።

ቀኝ እግሩ ተራመደ። ግራው አልተከተለም።

መጀመሪያ እንቅፋት መሰለው። ሂድ አለው እግሩን፤ አልሄደም። ጭኑን ሊያነሣ ሞከረ፤ ከመሬት የተሰፋ ይመስላል። አንድ እርምጃ ቢሄድ ታቦቱ ዛፉን ያልፋል፤ ካለፈ መጥረቢያው ይነሣል፤ እዚያ ቤት ደግሞ በለጡ ዝም ብለዋል። ይህን አሰበ። ያሰበው እግሩ ከመቆሙ በፊት ይሁን በኋላ ግን፣ ያን ጊዜም ሆነ ከዚያ ወዲህ፣ ሊለየው አልቻለም።

ጥላ የያዙት ዲያቆናት ከኋላው ተጋጩበት። ከበሮው አንድ ሁለት ጊዜ መትቶ ጸጥ አለ። ከዚያ አንዲት ሴት፣ በቀጭን ድምፅ፣ «አልሄድም አለ» አለች። ቃሉ ከአፍ ወደ አፍ እየሄደ እስከ ኋላው ሕዝብ ሲደርስ ተሰማው።

የአለቃ ኪዳነወልድ መቋሚያ ጫፍና የተሰነጣጠቀ እግራቸው ከፊቱ መጥቶ ቆመ።

«ሂድ» አሉት በሹክሹክታ።

አልሄደም።

«ኃይለመስቀል፣ በእግዚአብሔር ፊት ነህ። ሂድ።»

ላብ በአፍንጫው ጫፍ ወርዶ አፈሩ ላይ ጠብ አለ። እሄዳለሁ ብሎ ነበር፤ በእውነት ብሎ ነበር። ምድር ትዋጠኝ ያለው ትዝ አለውና ምድር የያዘችው መሰለው። አለቃው ተንበረከኩ፤ ሕዝቡም ተንበረከከ። እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ አርባ አንድ ጊዜ ተባለ። አርባ አንደኛው ሲያበቃ እግሩ እዚያው ነው። ከሽማግሌዎቹ አንዱ «አለቃ፣ ጥፋታችን ይመርመር» አለ። ሴቶቹ ማልቀስ ጀመሩ።

የአለቃ ኪዳነወልድ መቋሚያ ከእጃቸው አምልጦ አፈሩ ላይ ሲወድቅ ኃይለመስቀል አየ፤ የፈሩ መሆናቸውን አወቀ።

«መጥረቢያዎቹን ከዚህ አንሡ» አሉ በመጨረሻ።

የሰው እጆች መጥተው መጥረቢያዎቹን ወሰዱ። የኃይለመስቀል ግራ እግር ተነሣ፤ ተራመደ። ሕዝቡ በእልልታ አበደ። እሱን ግን ከመቆሙ ይልቅ መሄዱ አስደነገጠው። ልክ በሰዓቱ ነበር የተነሣው፤ ትእዛዙን የሰማው ታቦቱም ቢሆን፣ እሱም ቢሆን፣ ከዚያ የተሻለ ሰዓት አይመርጥም ነበር።

ታቦቱን ከመንበሩ አግብቶ ልብሱን እንኳ በወጉ ሳያወልቅ ወደ ቤቱ ሮጠ። ሰዎች የካባውን ጫፍ ሊስሙ እየተሻሙ አላሳልፍ አሉት። ከበሩ ሲደርስ ተናኘወርቅ ወጣች። ፊቷን አይቶ አወቀ፤ ከደጃፉ ድንጋይ ላይ ቁጭ አለ።

«ሴት ናት» አለች። «እንዴት ያለ ጩኸት አላት መሰለዎት! በለጡ እንኳ ጆሮዬን ብለዋል።»

«ጽጌስ?»

«ደኅና ናት። አጥሚት እየጠጣች ነው።»

አለቀሰ። እንደ ልጅ ነው ያለቀሰው፤ ተናኘወርቅም ተወችው። ሲበቃው ፊቱን ጠርጎ «መቼ ነው የተወለደችው?» አለ።

«የታቦቱ መነሻ ደወል ሲደወል። አሰፋ ሊነግርዎ ሮጦ ሄዶ ነበር፤ ሕዝቡ እንደ ግንብ ሆኖበት ተመለሰ።»

ኃይለመስቀል ቀስ ብሎ አሰበው። ከወንዙ እስከ ዋርካው፣ በዝማሬ እየቆሙ፣ ከሁለት ሰዓት ያላነሰ መንገድ ነው። እሱ እዚያ ተተክሎ ላብ ሲያጠምቀው ልጅቱ ተወልዳ፣ ታጥባ፣ ጡት ይዛ ነበር። ታቦቱ ከሆነ ያቆመው በራሱ ምክንያት ነው። እሱ ከሆነ ደግሞ፣ የእግዚአብሔርን ታቦት በራሱ ላይ አድርጎ የዋሸው አስቀድሞ ላለቀ ነገር ነው።

«ዋርካው ነው» አለች ተናኘወርቅ።

«ዋርካው ከመትረፉ በፊት እኮ ነው የተወለደችው።»

«ታዲያስ! እሷም ተወለደች፣ እሱም ተረፈ። ይህ ምኑ ይጠላል?»

ሦስት ቀን ሙሉ ቅዳሴ አልገባም፤ አሞኛል አለ። በአራተኛው ቀን አለቃ ራሳቸው አስጠሩት። የንስሐ አባቱ እሳቸው ናቸውና ከዕቃ ቤቱ ጥግ ተቀመጡ።

«ማነው ያቆመህ?» አሉት ያለ መግቢያ።

«አላውቅም፣ የኔታ።»

«ሰው የገዛ እግሩን እንዴት አያውቅም?»

«እኔም ይህንኑ እጠይቃለሁ።» ከዚያ ሁሉንም ነገራቸው፤ ስእለቱን፣ ጥለቱን፣ አሰፋን፣ ደወሉን።

አለቃ መስቀላቸውን በእጃቸው እያገላበጡ ሰሙት። «ታናሽ ወንድም ነበረኝ» አሉ ቆይተው። «ትኩሳት ያዘው። ጠበሉ የግማሽ ቀን መንገድ ነበር፤ አድባሯ ደግሞ ከደጃችን። እናቴ ቅርቡን መረጠች። ከሥሯ አስተኝታ ቅቤ ስትቀባው ውላ፣ ማታ ሬሳ ይዛ ገባች። እኔ ዛፍ የምጠላው በመጽሐፍ ብቻ እንዳይመስልህ።»

መስቀላቸውን ከጭናቸው ላይ አስቀመጡ።

«ዋሽቻለሁ ብትለኝ ከክህነትህ እሽርሃለሁ። ታቦቱ ነው ብትለኝ እግርህን እስማለሁ። አላውቅም ላለ ሰው ቀኖና በመጽሐፍ የለም። እንግዲህ እኔ ልስጥህ፤ በሕይወት እስካለህ የጥምቀትን ታቦት አንተ ትሸከማለህ። እዚያ ስትደርስ ሳትቆም ለማለፍ ትሞክራለህ። በሰላም ካለፍክ የዘንድሮውን ያቆምከው አንተ ነህ ማለት ነው፤ መጥተህ ትነግረኛለህ፤ ሥልጣንህን ታስረክባለህ። እስከዚያ ቀድስ።»

ሰው በአንድ ዓመት እንዲህ ያረጃል? ኃይለመስቀል ጢሙ ሸበተ። የልጅ ልጁ ስትስቅ ደስ ይለዋል፤ ወዲያው ደግሞ ይደነግጣል። ሌሊት ሌሊት እግሩን ከብርድ ልብሱ አውጥቶ ያንቀሳቅሰዋል፤ ተናኘወርቅም «አርፈው ይተኙ እንግዲህ» ትለዋለች። በዚህ መካከል ዝናው ሩቅ ሄዷል። ዛፍ ያዳነውን ታቦት ሊሳለሙ ከጨርጨር ድረስ ሰው መጣ፤ ስእለቱ ጎረፈ፤ የቂርቆስ ጣሪያ ቆርቆሮ ለበሰ። የዚያን ዓመት በልደታ ዋርካው ዘንድ ያልወጣ ሰው አልነበረም። አለቃ ኪዳነወልድ ሳይከለክሉ፣ ሳይባርኩም ዋሉ።

ጥምቀት መጣ። ዘንድሮ አልፈዋለሁ፤ እግሬ ታቦቱንም እኔንም ይዞ ይሄዳል፤ ሄጄም እናገራለሁ፤ ብሎ ቆርጧል። ክህነቱን ማጣት ከአለማወቅ ቀሎት ነበር። ጠጠሩ አለቀ፣ ደረቁ መሬት አለቀ፣ ቀይ አፈሩ አለቀ። የዋርካው ሥር ታየው፤ በአዲስ ቅቤ ረጥቧል። ግራ እግሩ ተነሣ፤ በደስታ ተነሣ፤ ምንም አልያዘውም።

ግን የሚያሳርፍበት አልነበረም። ከፊቱ ስጋጃ ተነጥፎ፣ በስጋጃው ላይ ደብተራዎቹ በሁለት ረድፍ ፊት ለፊት ቆመው፣ ለዋርካው ሥር ማረፊያ የተሰናዳ አዲስ ወረብ ጀምረዋል። ሕዝቡ ከግራም ከቀኝም ጥቅጥቅ ብሏል። አንድ ወጣት ዲያቆን አጠገቡ ላለ እንግዳ ሰው «እዚህ ሁልጊዜ ይቆማል፤ አባቶች የሠሩት ሥርዓት ነው» ሲለው ሰማ። በተናኘወርቅ ጀርባ ላይ የታዘለችው የልጅ ልጁ እግሮች፣ ቅቤ የጠገቡ፣ ከመጎናጸፊያው ጠርዝ ሥር ተንጠልጥለው ታዩት።

ለእሱ በሚቀርበው የረድፉ ጫፍ የተሰነጣጠቀውን የአለቃን እግር ፈለገ። አገኘው። መቋሚያቸው ከወረቡ ጋር ይወርዳል፣ ይነሣል። ኃይለመስቀል የተነሣች እግሩን ጥቂት ይዟት ቆየና ከነበረችበት መለሳት።